እትዬ ቀሪ የቀረችበት ቀን

በዚያ የካቶሊክ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀርታ የማታውቅ ሰው ብትኖር የቀሪ መዝገብ ያዧ ናት፤ ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም ደግሞ «እትዬ ቀሪ» ነው። ተማሪ ስም ሲያወጣ ይሉኝታ የለው። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥታ ነበር፤ ማን እንዳወጣው ለማወቅ ሦስት ክፍል አስቁማ መርምራለች። በኋላ ስሙም ለመደባት፣ እሷም ለመደችው። ወላጅ ሲደውል ስልኩን አንስታ «ቀሪ ነኝ፣ ማን ልበል?» ማለት ጀመረች።

ቢሮዋ ከዋናው በር ገባ ሲሉ በስተቀኝ ናት። አንዲት መስኮት አለቻት፤ የመስኮቷን ደፍ የተማሪ ክርን ሲያሸው ኖሮ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ አራት ወፋፍራም መዝገብ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ ደግሞ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ብስኩቱ ካለቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። አሁን ቆርቆሮው ውስጥ ያለው በተማሪ እጅ ተጽፎ በእናት ስም የተፈረመ የውሸት ደብዳቤ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እሷም አንዱንም አልጣለችም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ታወጣና እያነበበች ትስቃለች።

ደንቡን በአብዛኛው ያወጣችው ራሷ ናት። የቀረች ተማሪ አሳዳጊ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ይደውላል። ልጅቷ ስትመለስ የተፈረመ ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች፤ ሦስት ቀን ካለፈ የሐኪም ወረቀት ይጨመርበታል። ሦስቴ ያረፈደች አንድ ቀን እንደቀረች ይቆጠርባታል፤ አሥራ አምስት የሞላባት ደግሞ ፈተና አትቀመጥም፣ በቃ። ስልኩ ካጠራጠረ አንድ ሲስተር በዚያው ቀን እቤት ድረስ ሄደው ያያሉ። ይሄ ስድስተኛው ደንብ ነው፤ እትዬ ቀሪ እንደ ልጇ ትወደዋለች።

አንድ ልማድም አለ፤ በሌላ ትምህርት ቤት ይኑር አይኑር እንጃ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሯ ሲስተር የቀሪዎቹን ስም ከነምክንያታቸው ያነቡና ስድስት መቶው ተማሪ ለእያንዳንዷ ይጸልያል። ሐሳቡ ቅዱስ ነው፤ ውጤቱ ግን ጉድ ነው። ፀጉር ቤት ተቀምጣ ጥፍሯን ለምታስቀባ ልጅ ደም ማነስ ስድስት መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለምናል። የአንዷ አያት በአንድ ዓመት አራቴ ሞተው አራቴ ተጸልዮላቸዋል። በአራተኛው ላይ የቀድሞዋ ሲስተር ከወረቀቱ ቀና አሉና «ጌታ ሆይ፣ ለእኚህ እናት እንግዲህ የማይመለሱበትን ዕረፍት ስጥልን» ብለው ጸለዩ፤ ሰልፉ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ሠራተኛም ቢቀር ከዚህ አያመልጥም። ይህንንም ያስወሰነችው እትዬ ቀሪ ናት፤ «ሕግ ከሆነ ለሁሉም ነው» ብላ።

የውሸት ስልክ እንዴት እንደምትለይ ብዙዎች ይጠይቋታል። ጥበቡ ቀላል ነው። «ምን በላች? የት ጋ ያማታል? አሁን ምን ላይ ናት?» ብላ ትጠይቃለች። እውነተኛ እናት ትቆጣለች፤ «ልጄ ታማ አንቺ ምርመራ ትጀምሪያለሽ?» ትላለች። የውሸት እናት ግን ቁጭ ብላ ታስረዳለች። ይህን ጥበብ ያስተማረችው ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ እሷም «ደብዳቤ» የምትባለው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ደብዳቤ ለአሥራ ሁለት ጓደኞቿ የአሥራ ሁለት እናት ደብዳቤ የጻፈች ዓይን አውጣ ናት። እጅ ጽሑፉን ለአሥራ ሁለት ሰው ለያይታ ስትጽፍ አንድም አልተነቃባትም፤ የተያዘችው አሥራ ሁለቱም ወረቀት ሦስት ቦታ ታጥፎ ጫፉ ወደ ውስጥ ስለገባ ነው። ቅጣቷ አንድ ወር ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ጋ ተቀምጣ ስልክ መቀበል ሆነ። የራሷ መቅረት ደግሞ አሥራ አራት ደርሷል። ቤቷ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ የማዶ ልጆችን የምታመጣው የትምህርት ቤቱ ትንሿ አውቶብስ ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዛፍ ሥር ቆማ ቅጠል ለብሳለች። ማዶዎቹ በእግር እየመጡ ያረፍዳሉ፤ ማርፈዱ እየተደመረ መቅረት ይሆናል። አንዲት ቀን ብቻ ቀርታታለች ማለት ነው፣ ለደብዳቤ።

እንግዲህ የእትዬ ቀሪ ጭንቀት እዚህ ላይ ይጀምራል። አዲሷ ሲስተር ወጣት ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ ነገር አይወዱም። አንድ ቀን ጠርተዋት፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በር ላይ ተማሪ ካርዱን የሚያሳየው ማሽን እንደሚተከል፣ የቀረችውንም ራሱ ለወላጅ መልእክት እንደሚልክ ነገሯት። «እርስዎም ያርፋሉ» አሏት፣ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀደዱ መጻሕፍት መጠገን ይችላሉ»። እትዬ ቀሪ «እሺ ሲስተር» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግን ለራሷ አጉረመረመች። ማሽን ደግሞ «ምን በላች?» ብሎ ይጠይቃል?

ከዚያ ወጥታ የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ አንድ ወረቀት አየች። ለትንሿ አውቶብስ ሾፌር ይፈለጋል፤ መንጃ ፈቃድ ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ያመልክት ይላል። ሦስቴ አነበበችው። ከዚያ ቢሮዋ ገባችና መዝገቦቹን ገለጠች፤ ቀዩ ቀለም ከዓመት ዓመት አንድ ሰፈር ላይ ነው የሚፈሰው፣ ከድልድዩ ማዶ። ሃያ ሰባት ዓመት ማን እንደሌለ ስትጽፍ ኖራለች፤ አንድ ቀን ሄዳ አምጥታ አታውቅም። መንዳት መማር የጀመረችው ግን ከዚያ በፊት ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለማንም ሳትናገር፣ በአምሳ አራት ዓመቷ፣ እንዲሁ ሲያምራት የኖረ ነገር ነበርና። አሁን የሚያምራት ነገር የእንጀራዋ ጉዳይ ሆነ። የቀራት የመንገድ ፈተናው ብቻ ነው።

ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቆረጠላት። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ከወደቀች የሚቀጥለው ፈተና ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ አውቶብሷ ሌላ ሾፌር ይዛ፣ እሷ ሙጫና መቀስ ይዛ ትገኛለች።

ፈቃድ ብትጠይቅ ሲስተር አይከለክሏትም ነበር። ጣጣው ጸሎቱ ነው። «ዛሬ የቀረችው እትዬ፤ ምክንያት፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና» ተብሎ ይነበብና ስድስት መቶ ኮረዳ ለፍሪሲዮኗ ይጸልያል። ብትወድቅስ? ዕድሜ ልኳን መስኮቷ ጋ መጥተው «እትዬ፣ የኋላ ማርሽ ገባልዎ?» ሲሏት ልትኖር ነው? ሞቷን መረጠች። እናም በሃያ ሰባት የሥራ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትታመም ወሰነች።

ለመታመም አሳዳጊ መደወል አለበት። አሳዳጊዋ እናቷ ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽልሽ?» አሉ። «ነገ ዛሬ ፈጣሪዬ ፊት የምቆም ሴትዮ?»

«እማዬ፣ አትዋሺ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። ሌሊቱን ተኝቻለሁ?»

«አልተኛሽም። እኔንም አላስተኛሽኝ።»

«እጄን እይው።»

እናትየዋ አዩት። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። «እሱስ እውነት ነው» አሉና ስልኩን ተቀበሏት። እሷም ጆሮዋን ከእናቷ ጆሮ አጠገብ ለጠፈች።

«ሃሎ፣ የቀሪ ክፍል» የሚል ሆን ተብሎ እንዲወፍር የተደረገ ድምፅ መጣ። ደብዳቤ ናት።

«ልጄ ዛሬ አትመጣም።»

«የማን እናት ልበል?»

«የራሳችሁ ናት። እዚያው እናንተ ጋ መዝገብ የምትይዘው።»

በወዲያ በኩል ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። «እትዬ? እትዬ ናቸው የሚቀሩት?» የደብዳቤ ድምፅ ቅጥነቱ ተመለሰ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገችና እንደገና አወፈረችው። «ምን ሆኑ?»

«ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው። እጇ ይንቀጠቀጣል። ላብ በላብ ሆናለች።»

«ምን በሉ?»

«ምንም። ሻይ አቅርቤላት ነበር፣ ዞራም አላየችው።»

«የት ጋ ያማቸዋል?»

እናትየዋ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ፤ ልጃቸው በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ታሳያቸዋለች። እሳቸው ግን የማያዩትን ሊናገሩ ነው? «አመመኝ አላለችኝም» አሉ።

እትዬ ቀሪ ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁን ምን ላይ ናቸው?» አለች ደብዳቤ።

«ቆማለች።»

«ቆመው ምን ያደርጋሉ?»

«ጫማዋን እያደረገች ነው። ሦስት ሰዓት ላይ የሚያያት ሰው አለ።»

«አመሰግናለሁ እናቴ። ይማርልን» አለችና ደብዳቤ ስልኩን ዘጋች። እናትየዋ በኩራት ቀና አሉ። «አንዲት ውሸት ከአፌ አልወጣችም።»

«አውቃለሁ እማዬ» አለች እትዬ ቀሪ። «እሱ እኮ ነው ጉዱ።»

ደብዳቤ አሁን ምን እየጻፈች እንደሆነ እትዬ ቀሪ ታውቃለች። እናትየዋ አልተቆጡም፤ አስረዱ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚያች ደቂቃ ከፍርሃቷ ሥር ትንሽ ኩራትም ነበረባት፤ ልጅቷ ትምህርቱ ገብቷታል ብላ። ከዚያ ቦርሳዋን ብድግ አደረገችና ሮጠች።

ፈተና ቦታው ስትደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ትምህርት ቤት ሰልፍ ነው አሁን። ስሟን እያነበቡት ነው። «እንቅልፍ ለነሳት፣ እጇ ለሚንቀጠቀጠው፣ ላብ ለሚያጠምቃት» ተብሎ ስድስት መቶ አንገት ተደፍቷል። አፍራ መሬት መሬት አየች። ወረፋዋ ደርሶ መሪውን ስትይዝ ግን እጇ ጸጥ ብሏል። ምክንያቱ የውሸት ቢሆንም የሕመሙ ዝርዝር እውነት ነበርና ጸሎቱ አድራሻውን አልሳተም።

ፈታኙ የክብሪት እንጨት የሚያኝክ ዝምተኛ ሰው ነው። ቀበቶ አሰረች፣ ስፖኪዮ አስተካከለች፣ ማርሽ አስገባች። ዳገት ላይ አስቆማት፤ ወደ ኋላ አንድ ጣት ሳትንሸራተት ተነሳች። ሁለት እንጨት መካከል ወደ ኋላ አስገባት፤ ገባች። አደባባዩን ዞረች። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሊጠናቀቅ አንድ መንገድ ሲቀር፣ ከሱቅ ጥላ ሥር ሁለት ሴት ልጆች አየች፤ የትምህርት ቤቷ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጀርባ ላይ ቦርሳ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያልፋል። የሚነዳው የፈተና መኪና ነው፣ አጠገቡ ፈታኝ ተቀምጧል፣ እንጀራው ተንጠልጥሏል። የሃያ ሰባት ዓመት አመል ግን ከመሪው ይጠነክራል። ስፖኪዮ አየች፣ ምልክት አሳየች፣ ዳር ያዘች፣ ቆመች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች፣ መስኮት አወረደች።

«የስንተኛ ክፍል ናችሁ?»

አንደኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። «እትዬ?» አለች ሁለተኛዋ ቀስ ብላ። «እርስዎን… ጠዋት ታመዋል ተብሎ ጸለይንልዎ እኮ። ከዚያ በኋላ ነው በጓሮ የወጣነው።»

ሦስት ቀሪዎች በአንድ መንገድ ዳር ተፋጠጡ፤ ማን ማንን እንደሚመዘግብ አልታወቀም። «ተመለሱ» አለች እትዬ ቀሪ። «ሁለተኛው ደወል ሳይደወል ከደረሳችሁ እኔም አላየሁም፣ እናንተም አላያችሁም።» ልጆቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በረሩ።

ያኔ ነው ፈታኙ አጠገቧ መኖሩ ትዝ ያላት። በጎን ሰርቃ አየችው። ሰውየው የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ ወደ መንገዱ ያያል።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት።

«ቀሪ እመዘግባለሁ» አለች፣ ልትወድቅ እንደሆነ አምና።

«እኔ ያላዘዝኩትን ቆመዋል።» ወረቀቱን ገለጠ። «ግን ስፖኪዮ አይተው፣ ምልክት አሳይተው፣ ዳር ይዘው፣ የእጅ ፍሬን ስበው። በዚህ ወር እንዲህ አድርጎ የቆመልኝ ሰው የለም።» ፈረመና ሰጣት።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደ ልጅ እየሮጠች እቤት ደረሰች። በሩን ስትከፍት ግን ቀልቧ ተገፈፈ። ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ከእናቷ ጎን ተቀምጠዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ሾፌር የለ፣ በእግራቸው ነው የመጡት።

ሲስተር አንዲት ወረቀት ዘረጉላት። የደብዳቤ ጽሑፍ ነው፤ «እናትየዋ አልተቆጡም፤ አስረዱ። ታማሚዋ ጫማ እያደረጉ ነው። በስድስተኛው ደንብ መሠረት ይታይ» ይላል።

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አሉ ሲስተር።

«እኔ ነኝ።»

«እናትዎ ሁሉንም ነግረውኛል።»

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ» አሉ እናትየዋ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሳቸው ቤት ማደርም አላስፈለገው።

እትዬ ቀሪ የፈተናውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሲስተር አነሱትና አነበቡት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አሉ።

«እንዳይጸለይልኝ ብዬ» አለች እውነቷን።

የሲስተር ከንፈር ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየም። «ያለ ፈቃድ የቀረ ምን ይደረጋል?»

«በማግስቱ ሰልፍ ላይ ቆሞ ምክንያቱን በራሱ አንደበት ይናገራል።»

«እንግዲያው ነገ» ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ዞር አሉና «ማመልከቻውም የሚዘጋው ነገ ነው፤ እሱ እንኳ አይርፈድብዎ» አሏት።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ቀሪ ስድስት መቶ ልጅ ፊት ቆመች። እዚያ ቦታ ስንቷን አቁማለች! «ትናንት የቀረሁት ታምሜ አይደለም» አለች። «የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነበረኝ። እንዳትስቁብኝ ብዬ ዋሸሁ። ትንሿን አውቶብስ መንዳት ፈልጌ ነው፤ የማዶ ልጆች ስማችሁን በቀይ መጻፍ ስለሰለቸኝ ነው።» እጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ለእጄ ጸልያችሁልኝ ነበር። መንቀጥቀጡ ቆሟል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ማንም አልሳቀም። የማዶዎቹ ልጆች ከየሰልፉ እርስ በርስ ተያዩ። በኋላ ቢሮ ስትገባ ደብዳቤ መዝገቡን ገልጣ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃታለች።

«እትዬ፣ የእርስዎን በቀይ ልጻፈው?»

«በቀይ።»

«ተናደውብኛል?»

«ብትተይው ነበር የምናደድብሽ» አለችና ስሟ በቀይ ሲጻፍ ቆማ አየች።

ከሁለት ሰኞ በኋላ ከድልድዩ ማዶ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ የታጠበች ትንሽ አውቶብስ አንድ በር ላይ ቆማ ክላክስ አደረገች። በውስጧ አሥራ ዘጠኝ ልጅ አለ፤ አንድ ወንበር ባዶ ነው። መስኮት ተከፈተና ደብዳቤ ግማሽ ፀጉሯን ሠርታ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ዛሬ አሞኛል። ሆዴን። ከትናንት ጀምሮ።»

«ምን በላሽ?»

«ትናንት ምሳ ላይ ትንሽ ድንች በልቼ፣ ከዚያ ማታ ላይ በግራ ጎኔ በኩል ቀስ እያለ…»

«አስረዳሽኝ» አለች እትዬ ቀሪ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ። «ነይ ውጪ። አሥራ አምስተኛዋን ከእኔ አታገኚያትም።»

ደብዳቤ ቦርሳዋን እየጎተተች ወጣች፣ ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ አለች፣ በሩ ተዘጋ። ለራሷ የምታጉረመርመው ግን እስከ ሾፌሯ ድረስ ይሰማል። «ስድስት መቶ ሆነን አንገት ደፍተን የለመንነው ለዚህ ኖሯል» አለች።

እትዬ ቀሪ ስፖኪዮ አየች፤ ሃያ ራስ ቆጠረች። ምልክት አሳየችና ድልድዩን ተሻገረች።